የሊበን የደረት ፊልም

ሙኒያ ባሏን ቀብራ ሦስተኛው ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ወበቁ ሰውን ግድግዳ በሚያስደግፍበት አንድ ከሰዓት፣ የግቢያቸው የቆርቆሮ በር ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት ገንደ ቆሬ ውስጥ በር የሚያንኳኳ ሰው የለም። ሰፈሩ ምሳውን በልቶ፣ ደጁን ውኃ ረጭቶ፣ የሚተኛው ተኝቶ፣ የሚቅመው ጫቱን ይዞ ጥላ ጥላውን ነው። ሙኒያ ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን ዒዳ ተቀምጣ ስለነበር ከቤት ከራቀች ሰንብታለች፤ ታይዋን ገበያ ያለችው የጫማ ሱቋም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንደተዘጋች ነው።

በሩ ላይ የቆመውን ሰው አወቀችው። የመኪናውን አደጋ የያዘው መርማሪ፣ ኢንስፔክተር ዓብዱልአዚዝ ነው። ከኋላው ጥቁር ቀሚስ የለበሱ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያጣፉ ጠና ያሉ ሴት ቆመዋል። ሴትየዋን አይታቸው አታውቅም።

“አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሙኒያ። ሆዮ ሻሚስ አለች?”

“አለች። ምን ተገኘ?”

“እንግባና እንነጋገር።”

ሻሚስ የሊበን እናት ናት። ሊበን በሱማሌኛ “ሆዮ”፣ እናቴ፣ እያለ ስለሚጠራት ሙኒያም ጎረቤቱም ሆዮ ሻሚስ ብለው ለመዱ። ልጇ ከሞተ ወዲህ ከምንጣፏ ላይ የምትነሳው ለሶላት ብቻ ነበር። እንግዶቹ ሲገቡ ተቁነጠነጠችና ትራስ ገፋችላቸው።

አደጋው የደረሰው እንዲህ ነው። ዒድ ሊደርስ ሰሞን ሊበን ለሙኒያ ሱቅ የልጆች ጫማ ሊያመጣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ወዳለችው ደወሌ ወጣ። የሄደው በእሷ ጉትጎታ ነው፤ “ሌላው ሳይቀድመን ሂድ” ብላው ነበር። የተሳፈረበት ሚኒባስ ሽንሌን አልፎ ብዙም ሳይርቅ ከነዳጅ ቦቴ ጋር ተጋጨና ሁለቱም ነደዱ። ከሚኒባሱ በሕይወት የተረፈው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው ረዳት ነው፤ ግጭቱ አሽቀንጥሮ ጣለው። ሾፌሩን በመሪው፣ አንዲቷን ሴት በእጇ አምባር፣ ሌሎቹንም በየምልክታቸው ለዩዋቸው። ሁለት ወንዶች ግን የወለደች እናት ብታያቸው የማትለያቸው ሆነው ቀሩ። ረዳቱ ሆስፒታል እንደተኛ “ጋቢና የተቀመጠው ሊበን ነው፤ እኔ ራሴ ነኝ ያስገባሁት” አለ። እነሱም ጋቢና የተገኘውን ወስደው ከፈኑት፤ ሰገዱበት፤ በዚያው ቀን ቀበሩት። የኋላ ወንበር ላይ የተገኘውን ደግሞ የሚጠይቀው ሰው ሲታጣ ማዘጋጃ ቤት ቀበረው።

ኢንስፔክተሩ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ። “እኚህ ወይዘሮ ሽታዬ ይባላሉ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ልጃቸው ዓብዩ በያጅ ነበር። ጅቡቲ ሥራ አግኝቶ፣ አደጋው በደረሰበት ሳምንት ተነስቶ ሄደ።”

ወይዘሮ ሽታዬ ንግግሩን ተቀበሉት። “ማክሰኞ ተሰናበተኝ። አደጋው የደረሰው ረቡዕ ነው። ሬዲዮ ሲናገር ሰማሁ፤ ልጄ በአንድ ቀን አለፈልኝ ብዬ ለቁልቢው ገብርኤል ጧፍ አበራሁ። ለካ ማክሰኞ ጓደኛው ጋ አድሯል።” ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ደጋግሞ ተነግሮ እንዳለቀ ነገር ደረቅ ነበር። “እንደገባሁ አልደውልም፣ ስልክ እስካወጣ ታገሺኝ ብሎኝ ነበር። ታገስኩ። በኋላ ግን ጅቡቲ ያሉት ልጆች ‘እኛ ጋ አልደረሰም’ አሉኝ።”

“ቀብር ከመፈጸሙ በፊት ሆስፒታሉ ሁሉንም አስከሬን ራጅ አንስቶ ነበር” አለ ኢንስፔክተሩ። “ያኔ ፎቶው ቢኖርም የሚያመሳክሩት ነገር አልነበረም። አሁን ወይዘሮ ሽታዬ ልጃቸው ኳስ ሲጫወት ቅልጥሙን የተሰበረ ጊዜ የተነሳውን ፊልም ይዘው መጡ። የራጅ ክፍሉ ሐኪም ማንም ካልጠየቀው ሰውዬ ጋር አስተያየችው። አልገጠመም። ከዚያ ከሌላው ጋር አየችው።” ወደ መሬት ተመለከተ። “ሙኒያ፣ እናንተ የቀበራችሁት ሰው ቅልጥሙ ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመ ነው።”

ሙኒያ የሊበን እግር በዓይኗ መጣባት። ሽርጡን ሰብስቦ፣ ውኃ በተረጨው ደጅ ላይ እግሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ። ቀጥ ያለ፣ ጠባሳ እንኳ የሌለው እግር።

“ሊበን እግሩን ተሰብሮ አያውቅም” አለች ሳታስበው።

በዚህ ጊዜ ሆዮ ሻሚስ ከምንጣፏ ተነሳች። ሦስት ወር ሙሉ በሰው እጅ ስትነሳ የነበረችው ሴት ብድግ ብላ ቆመች። “ዊልኬይ! ልጄ አልሞተም! አላህ ይመስገን! አልነገርኳችሁም? የእናት ሆድ አይዋሽም፣ አልነገርኳችሁም?” ወደ ደጅ ወጥታ ጎረቤት ተጣራች። የተኛው ሰፈር ነቃ።

ወይዘሮ ሽታዬ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠዋል። የአንዲቷ እናት ደስታ የእሳቸው ሞት ነበር። ሙኒያ ውኃ ቀድታ አቀረበችላቸው።

ኢንስፔክተሩ ሻሚስ እስክትመለስ ጠብቆ ቀስ ብሎ ተናገረ። “ሆዮ፣ ሌላ አስከሬን አለ እኮ። ከኋላ ወንበር የተገኘው። እኔ ሞቷል አልልም፣ አልሞተም አልልም። ዘረመል አዲስ አበባ ልኮ ማስመርመር ይቻላል፤ ግን መቃብር ይከፈታል፣ ጊዜም ይወስዳል። የዚያ ሰውዬ ራጅ እጃችን ላይ ነው። ሊበን ታሞ ራጅ ተነስቶ ያውቃል? ጥርስ፣ ደረት፣ ምንም ይሁን?”

ሻሚስ ሙኒያን አየቻት። ሙኒያም አየቻት።

“አያውቅም” አለች ሻሚስ። “ልጄ ጤነኛ ነው።”

ሙኒያ ዓይኗ ወደ ቁም ሣጥኑ እንዳይሄድ ምንጣፉ ላይ ተከለችው።

ፊልሙ ቁም ሣጥኑ ጀርባ ነበር፣ በትልቅ ቡናማ ፖስታ ውስጥ። ካቻምና ሊበን ሳል አልለቀው ብሎ፣ ሳንባ ነው ብለው ሁሉም ፈርተው ደረቱን ራጅ ተነሳ። ሐኪሙ ሳንባህ ንጹህ ነው፤ ግን በግራ በኩል አንገትህ ሥር አንድ ትርፍ የጎድን አጥንት አለህ፣ አብሮህ የተፈጠረ ነው፣ አያሳስብህ አለው። ሊበን ቤት ሲገባ ፊልሙን እንደ ባንዲራ እያውለበለበ ነው። “ሰው ሁሉ ለአንድ ሚስት የሚሆን አጥንት ሲሰጠው ለእኔ አላህ መለዋወጫ ጨምሮልኛል!” አላት። ሙኒያ በጫማ ወረወረችው። ሆዮ ሻሚስ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ በኋላ አጥንቷ ስም ወጣላት፤ ሙኒያ ስትቆጣ “ያቺን ሁለተኛዋን ጥራትና ትቀቅልልህ” ትለው ነበር።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሻሚስ ወደ ሙኒያ ተጠጋች፤ ክንዷን ያዘቻት። እጇ ትኩስ ነበር።

“ያንን ወረቀት ለማንም አታሳዪ። ሰምተሻል?”

“ሆዮ፣ እሱ ካልሆነ እኮ አይገጥምም። ካልገጠመ ደግሞ…”

“አታሳዪ አልኩሽ። አንዴ ቀብረሽዋል። ሁለተኛ ልትቀብሪው ነው?”

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤቱ ተለወጠ። ለተዕዚያ፣ ለለቅሶ ተቀማጩ ቦታ እንዲሆን፣ የተጠቀለለው የሊበን ፍራሽ ተዘረጋ። ሻሚስ ልብሱን አጥባ ፀሐይ ላይ ሰጣች። ጠዋት ጠዋት ለቁርስ ፈጢራ ታስጠቀልልና አንዱን ለእሱ ለይታ በሳህን ከድና ታስቀምጣለች፤ ማታ ያንኑ ለጎረቤት ልጆች ትሰጣለች። ጅቡቲ ያለው የወንድሟ ልጅ ዓደን ሆስፒታል ለሆስፒታል እንዲዞር ታዘዘ። በየቀኑ ይደወልለታል። አንዳንዴ ሊበን የሆነ ቦታ ራሱን ስቶ ወድቋል ትላለች፣ አንዳንዴ ጭንቅላቱን ተመትቶ ስሙን ረስቷል። ሻሚስ ታሪኩን እየጨመረችበት ሄደች። ሰፈርተኛውም “ኢንሻአላህ” እያለ አብሯት ጨመረ። ማን ጨክኖ እምቢ ይላታል?

ሙኒያ የሰፈሩን ሼህ ሄዳ ጠየቀች። ሼሁ ጢማቸውን እየዳሰሱ ብዙ አሰቡና “መሞቱ ካልተረጋገጠ የሰው ሚስት ነሽ፣ ልጄ። ዒዳ የለብሽም። ጠብቂው” አሏት።

ጠበቀችው። መጠበቅ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር። ሲሞት አልቅሳ፣ አልቅሳ፣ አንድ ቦታ ላይ እንባው ራሱ ደክሞት ትቷት ነበር። አሁን ግን ባጃጅ ደጃፉ ላይ ፍጥነት በቀነሰ ቁጥር ልቧ ይዘላል። ታይዋን ሄዳ ሱቋን ከፈተች፤ በገበያው ጭንቅንቅ መሃል ሰፊ ትከሻ ያለው ወንድ ጀርባውን ሰጥቶ በቆመ ቁጥር እጇ ላይ ያለው ጫማ ይወድቃል። ሌሊት የምታልመው መሞቱን ነበር፤ አሁን የምታልመው መምጣቱን ሆነ። ከሁለቱ ይኼኛው ከፋ፤ ምክንያቱም ከዚህኛው መንቃት አለ።

አንድ ጁምዓ ዓደን ደወለ። እዚሁ ጅቡቲ፣ ዓሊ ሳቢህ ሆስፒታል፣ አንድ የተቃጠለ ሰው አለ፤ አይናገርም፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ከኢትዮጵያ መንገድ ነው ያነሱት አሉኝ፣ አለ። ሻሚስ መሬት ላይ ተደፍታ ሰገደች። ቤቱ በአንድ ጊዜ በሰው ተሞላ። አንዷ ጎረቤት አስቀድማ እልል አለች። ሙኒያ ግድግዳ ይዛ ቆመች። ደስታ ነው ብላ ልታስብ ሞከረች፤ የመጣላት ግን ያ የተቃጠለ ፊት ነበር። ሊበን ቢሆን ስቃዩን፣ ሊበን ባይሆን የሆዮን ፊት አሰበች።

ዓደን በማግሥቱ ዓሊ ሳቢህ ደርሶ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ሙኒያ ናት።

“ሽማግሌ ናቸው” አላት። “ጥርስ የላቸውም። ሙኒያ፣ ለሆዮ አንቺ ንገሪያት፣ እኔ አልችልም።”

ነገረቻት። ሻሚስ “እንግዲያው ሌላ ሆስፒታል ነው” አለች። ድምፅዋ ውስጥ ጥርጣሬ የሚባል አልነበረም። ሙኒያ የዚያን ቀን ፈራቻት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወይዘሮ ሽታዬ ብቻቸውን መጡ። ሻሚስ ጀርባዋን ሰጠቻቸው፤ ሙኒያ በሩ ላይ ተቀበለቻቸው። “ልጄ፣ አፅሙን ላዛውር ፍርድ ቤት ጠይቄያለሁ። ቀጠሮው ረዘመብኝ። እስከዚያ የተኛበትን ባየው ብዬ ነው። ሴት አይገባም ካላችሁም ከአጥሩ ማዶ ታሳዪኛለሽ።”

በባጃጅ ሄዱ። የመቃብሩ ጠባቂ አሳለፋቸው። ሙኒያ ሦስት ወር ያህል “ሊበን” ስትለው የኖረችውን የድንጋይ ክምር አሳየቻቸው። የሊበን ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ራስጌው ላይ እንደቆመ ነው። ወይዘሮ ሽታዬ ፊታቸውን አማትበው ቁጢጥ አሉና አንዲት ድንጋይ አስተካከሉ፣ ልጅ ሲተኛ ብርድ ልብስ እንደሚያስተካክሉለት።

“ጸሎት ተደርጎለታል?”

“ተደርጎለታል፣ እትዬ። የገንደ ቆሬ ወንድ ሁሉ ነው የወጣው። መንገዱ ተዘግቶ ነበር።”

“ተመስገን። ዓብዩ ሰው ይወድ ነበር። ያለ ሰው አልሄደም።” ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ያዙ። ቆይተው ደግሞ፣ “አንድ ነገር ልንገርሽ ነው የመጣሁት። ኢንስፔክተሩ ሽንሌ ላይ የወረደች ሴት አግኝቷል። እኔም ሄጄ ጠየቅኋት። ልጄ እግሩ ሲታጠፍ ያመዋል፤ ከኋላ ተጨናንቆ ሲያቃስት፣ ረዳቱ የሷን ዕቃ በሚያወርድበት ጊዜ፣ አንድ ወጣት ከጋቢና ወርዶ ‘ና አቦ፣ እዚህ ዘርጋው’ ብሎ ቦታውን ሰጠው አለች። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ቀልደኛ ነው አለች። ያንቺ ባል ነው።”

ሙኒያ ከሰሌዳው ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች። “ና አቦ” የሚለው ቃል የሱ ነው። በጆሮዋ ሰማችው።

“ጋቢና ቢቀርም ያው ነበር” አሉ ወይዘሮ ሽታዬ። “ውስጥ ከነበሩት ማንም አልተረፈም። ግን ልጄ የመጨረሻዋን መንገድ እግሩን ዘርግቶ ነው የሄደው። ይህን ሳልነግርሽ ብሞት ይቆጨኝ ነበር።”

“ሆዮ ከዚያ በኋላ የሆነ ቦታ ወርዶ ይሆናል ትላለች።”

“አንቺስ?”

ሙኒያ ሰሌዳው ላይ ያረፈውን አቧራ በመዳፏ ጠረገች።

ወይዘሮ ሽታዬ እጇን ያዙ። “እኔ ሦስት ወር ሙሉ ተቀይሜው ነበር። ጨካኝ፣ እናቱን ረሳ እያልኩ። አፈር ውስጥ ሆኖ ነው የረገምኩት። ሐኪሟ ፎቶውን ካሳየችኝ ወዲህ ግን አልረገምኩትም።”

ሲመለሱ ባጃጁ የማዘጋጃ ቤቱ መቃብር ባለበት በኩል አለፈ። ሙኒያ አንገቷን አዙራ ወደዚያ አየች። ያ የኋላ ወንበር ሰውዬ ሊበን ከሆነ፣ ማን ሰገደበት? ማን ስሙን ጠራው? ገንደ ቆሬ ወጥቶ የሌላ ሰው ልጅ ሲቀብር እሱን ሁለት የማያውቁት ቆፋሪዎች አፈር አልብሰውት ሄደው ይሆናል። እነሱ ደግሞ ቤት ሆነው ፈጢራውን በሳህን ይከድኑለታል።

በማግሥቱ ሻሚስ ወደ ቂብላ ዞራ ለቀትሩ የዙህር ሶላት ስትቆም ሙኒያ ፖስታውን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አወጣች። ከድሪያ ቀሚሷ ሥር ደብቃ፣ እንደ ሌባ፣ ወጣች።

የሆስፒታሉ ራጅ ክፍል ቀዝቃዛና ደብዛዛ ነበር። ሐኪሟ ዶክተር ኑሀሚን ትባላለች፤ ገና ልጅ እግር ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ፖስታውን በሁለት እጇ ተቀበለች።

“ብቻሽን ነው የመጣሽው?”

“ብቻዬን ነኝ።”

“ውጤቱን ብቻ ልንገርሽ ወይስ አብረሽኝ ታያለሽ?”

“አሳዪኝ።”

ዶክተሯ የሊበንን ፊልም ግድግዳው ላይ ባለው መብራት ላይ ሰካችው። ከጎኑ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ምስል ከፈተች። ሙኒያ የሚያስፈራ ነገር ስትጠብቅ ነበር። የሚያስፈራ አልነበረም። ቆዳ የለ፣ ፊት የለ፣ እሳቱ ያደረገው ነገር ብዙም አይታይም። ጥቁር ላይ የተዘረጋ ነጭ አጥንት ብቻ። ትከሻው አንድ ወገን አጥሯል፤ የተቀረው ግን የሰው ደረት ነው።

“አጥንት በእሳት ይሰነጠቃል፣ ትንሽም ይኮማተራል” አለች ዶክተሯ። “ቅርጹ ግን በቀላሉ አይጠፋም። እኔ የማየው ጠርዙን ነው፤ የአከርካሪውን ጫፍ፣ ይኼ ከትከሻ የሚመጣው አጥንት የት ጋ እንደሚጎብጥ…” ጣቷን እያንቀሳቀሰች ስታስረዳ ሙኒያ መስማት አቁማ ነበር። ከአንገቱ ሥር፣ በግራ በኩል፣ አይታዋለች። ከሌሎቹ በላይ ለብቻዋ የወጣች አጭር አጥንት፣ ጫፏ እንደ አውራ ጣት ወደ ታች ጎበጥ ያለች። በዚህኛው ላይም በዚያኛውም ላይ።

“ትርፏ” አለች ሙኒያ።

ዶክተሯ ዞራ አየቻት። “ታውቂያታለሽ?”

“ለሁለተኛ ሚስት ነው ይል ነበር።” ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ ወጣት። ዶክተሯ ወንበር ሳበችላት፤ ውኃ ሰጠቻት፤ አጠገቧ ቆመች።

“ይህቺ አጥንት በብዙ ሰው ላይ አትገኝም” አለች ቆይታ። “የሷ መኖር ብቻ አይበቃኝም፤ ሌላውም ሁሉ መግጠም አለበት። ገጥሟል። ሌላ ሐኪም ለብቻው ያየዋል፤ ከዚያ ነው በጽሑፍ የምንሰጠው። ግን ከዚህ በኋላ ተስፋ እንድታደርጊ አልፈልግም። እሱ ነው።”

ሙኒያ እጇን ዘርግታ የኮምፒውተሩን መስተዋት ነካች። ቀዝቃዛ ነበር። “አመመው? ቶሎ ነው የሞተው?”

“እሱን ራጅ አይነግረኝም፣ እህቴ” አለች ዶክተር ኑሀሚን። “ባውቅ እነግርሽ ነበር።”

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃ፣ ሰፈሩ ወንበሩን ደጅ አውጥቶ ነበር። ሻሚስ ከቆርቆሮው በር አጠገብ በርጩማ ላይ ሆና ሩዝ ትለቅማለች። ቀና አለች፤ የሙኒያን ፊት አየች፤ ከዚያ ባዶ እጇን አየች። ትሪው ከጭኗ ተንሸራቶ ሩዙ መሬት ላይ ተበተነ።

“ወሰድሽው።”

“ወሰድኩት፣ ሆዮ።”

“ማን ፈቀደልሽ?”

“እሱ ነው። በዓይኔ አየሁት። አጥንቷ አለች።”

ሻሚስ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። “መኪናው አልገደለውም” አለች። “እሳቱም አልገደለውም። ሰፈሩ ሁሉ ልጄን ሲጠብቅ ነበር። አንቺ ነሽ የገደልሽው። መጀመሪያ ለጫማሽ ብለሽ ላክሽው፤ አሁን ደግሞ ሄደሽ ጨረስሽው።”

ሙኒያን ስለ ጫማው ማንም እስከዛሬ አፍ አውጥቶ ተናግሯት አያውቅም፤ እሷ ግን ራሷን ሳትወቅስ የዋለችበት ቀን አልነበረም። ተንበርክካ ሩዙን ከአፈሩ እየለየች ወደ ትሪው መመለስ ጀመረች። ሻሚስ ከላይ ቆማ ታያታለች። ጎረቤቶቹ ወንበራቸውን እየያዙ አንድ አንድ እያሉ ገቡ።

ሁለቱ መቃብሮች በአንድ ጠዋት ተከፈቱ። የዓብዩን አፅም ወይዘሮ ሽታዬና የፋብሪካው ጓደኞቻቸው ተቀብለው በፍትሐት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱ። ሊበንን ደግሞ የገንደ ቆሬ ወንዶች ለሁለተኛ ጊዜ ወጥተው ከማዘጋጃ ቤቱ መቃብር አውጥተው ወደ ሰፈሩ መቃብር ተሸከሙት። እንደ መጀመሪያው መንገድ አልዘጉም። ሰው በአንድ ስም ሁለቴ ሲያለቅስ ያፍራል፤ ዝም ብለው ነው የሄዱት። ሙኒያ ከአጥሩ ውጭ፣ ኒም ዛፍ ሥር ቆማ እስከ መጨረሻው አየች። ኢንስፔክተር ዓብዱልአዚዝ የደንብ ልብሱን አውልቆ ከሚቆፍሩት መሃል ነበር። ሆዮ ሻሚስ አልመጣችም። ከቤት እንኳ አልወጣችም።

ከቀብሩ በኋላ ሙኒያ ዒዳዋን ልትጀምር ሼሁን ጠየቀች። ሼሁ ባዘነ ፊት አዩዋት። “ዒዳ የሚቆጠረው ባል ከሞተበት ቀን ነው፣ አንቺ ካወቅሽበት ቀን አይደለም። ቆጥሬዋለሁ። አልቋል፣ ልጄ። ነፃ ነሽ።”

አለቀ። በሕይወት አለ ብላ በር በሩን ስታይ፣ ሐዘኗ ሳታውቀው አልፏት ሄዶ ነበር። ሐረር ያሉት ዘመዶቿ “እንግዲህ ምን ትሠሪያለሽ፣ ነይ” ብለው ላኩባት። ሻንጣዋን አወጣች፤ ግማሽ ሞላች፤ መልሳ አልጋው ሥር ገፋችው። ሻሚስን ማን ያያታል? ሌላ ልጅ የላትም። ስኳሯንም የደም ግፊቷንም የምትከታተልላት እሷ ናት።

እናም አብረው ኖሩ፣ ሳይነጋገሩ። ሙኒያ ጠዋት ሻይ በወተት አፍልታ ከምንጣፉ ጥግ ታኖርላታለች፤ ሻሚስ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች ትጠጣዋለች። ሙኒያ ታይዋን ውላ ትመጣለች፤ ሻሚስ ስልኳን ይዛ ከዓደን ጋር በሱማሌኛ ስታወራ ታገኛታለች፤ ስትገባ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። አንዳንድ ጎረቤት “አጥንት ሁሉ አንድ ነው፣ ምን ያውቃሉ” እንዳላት ሙኒያ ሰምታለች። ዓደን አንድ ቀን ለሙኒያ ለብቻዋ ደውሎ “ምን ልበላት? እየዞርኩ ነው እላታለሁ። መዞር ካቆምኩ ሰንብቻለሁ” አላት።

“እየዞርኩ ነው በላት” አለችው።

ወይዘሮ ሽታዬ አልፎ አልፎ ሱቋ ድረስ ይመጣሉ። ጫማ አይገዙም። ወንበሯ ላይ ትንሽ ተቀምጠው ስለ ሙቀቱ ያወራሉ፤ ላባቸውን ጠርገው ይሄዳሉ።

ክረምቱ ገብቶ፣ ደቻቱ ወንዝ ደለል ተሞልቶ ሲወርድ በዋለበት አንድ ቀን፣ ሙኒያ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ውኃ በባልዲ ስትቀበል ሻሚስ ከኋላዋ ጠራቻት። ስሟን ከጠራች ወራት አልፎ ነበርና ሙኒያ ባልዲውን ይዛ ደርቃ ቀረች።

“ሙኒያ።”

“አቤት፣ ሆዮ።”

ሻሚስ ፊቷን ከግድግዳው አላዞረችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር ድምፅዋን ለመስማት መጠጋት ነበረባት።

“ሁለተኛ ሲቀብሩት ፊቱን ወደ ቂብላ አዙረውለታል?”

“አዙረውለታል፣ ሆዮ። ቆሜ አይቻለሁ።”

ሻሚስ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሙኒያ ባልዲውን አስቀመጠች፤ ልትነካት እጇን ዘረጋች፤ ሻሚስ ግን ክንዷን አሸሸች። ስለዚህ ከምንጣፉ ጫፍ ላይ፣ እጅ በማያገናኝ ርቀት፣ ተቀመጠች። ዝናቡ እስኪያባራ ሁለቱም ከዚያ አልተነሱም።